«ጥሩ ሰው» እና «ደግ ሰው»፦ አዛውንቱ ያረሙት ምኑን ነው?

ጥያቄ፦
የተከበራችሁ የቋንቋ ወዳጆች፣ በቅርቡ እዚህ ሐዋሳ አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ አንድ ወጣት ስለ ሟቹ «ጥሩ ሰው ነበር» አለ። አጠገቡ የነበሩ አዛውንት ወዲያው «ጥሩ ብቻ አትበል ልጄ፤ ደግ ሰው ነበር» ብለው አረሙት። እኔ ሁለቱን ቃላት እያቀያየርሁ ስጠቀም ኖሬአለሁ። ልዩነታቸው የማነስና የመብለጥ ብቻ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለበት?

መልስ፦
አዛውንቱ ያረሙት መጠኑን ብቻ ሳይሆን ዓይነቱንም ይመስለኛል። «ጥሩ» የመጣው «ጠራ» ከሚለው ግስ ነው፤ በግእዙ «ጽሩይ» ይባላል፤ ዝቃጭም ድብልቅም የሌለበት ማለት ነው። በኦሪት ዘጸአት ታቦቱ በውስጥም በውጭም «በጥሩ ወርቅ» እንዲለበጥ ሲታዘዝ ወርቁ ያማረ ይሁን ማለት አይደለም፤ ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት ይሁን ማለት ነው። ይህ ነባር ትርጉም ዛሬም በገበያ ላይ በሕይወት አለ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ልገዛ ስወርድ ደንበኛዬ የሆነችው ሻጭ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ገልበጥ አድርጋ ስንጥቡን፣ ማለትም የሚተነፍስበትን፣ በጣቷ ትከፍትና ቅላቱን ታሳየኛለች፤ ቀጥላም «ዓይኑን እየው፣ ጥሩ ነው» ትለኛለች። ያደረ ዓሣ ዓይኑ ይደፈርሳል፣ ወደ ውስጥም ሰርጎድ ይላል፤ የዕለቱ ዓሣ ዓይን ግን እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። ሴትዮዋ ያን ጊዜ «ጥሩ» ስትል መልካም ማለቷ ይሁን የጠራ ማለቷ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም፤ መለየትም ያለብኝ አይመስለኝም።

«ደግ» በአንጻሩ ከባለቤቱ ወጥቶ ሌላውን የሚደርስ ነገር ይፈልጋል። ጥሩ ቢላዋ፣ ጥሩ ጤፍ፣ ጥሩ መንገድ እንላለን፤ «ደግ ቢላዋ» የሚል ሰው ግን አልሰማሁም፤ ቢላዋ አይራራም፣ አይሰጥምና። ጥሩ ሐኪም በሽታውን የሚያገኝ ነው፤ ደግ ሐኪም ደግሞ ገንዘብ ያነሰውን በሽተኛ ሳያሳፍር የሚሸኝ ነው፣ ምንም እንኳ በሽታውን ሳያገኝ ቢቀር። ማንንም የማይበድል፣ ዕዳውን በቀኑ የሚከፍል፣ ከሰው ጋር የማይጋጭ ጎረቤት ያለ ጥርጥር «ጥሩ ሰው» ይባላል፤ «ደግ» ለመባል ግን በሩ በክፉ ሰዓት የተንኳኳ ዕለት ምን እንዳደረገ የሚመሰክርለት ይሻል። አዛውንቱም በዚያ ለቅሶ ቤት የመሰከሩት አንድ የሚያውቁትን ነገር ሳይሆን አይቀርም።

ሕይወት ከሌላቸው ነገሮች መካከል ዘመን «ደግ» መባሉ አያስደንቀኝም፤ ዘመን ይሰጣል፣ ይነሣልም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የከብት እልቂትና ድርቅ ያመጡትን ረሀብ አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው ሰየሙት፤ ተቃራኒው፣ ጎተራ የሚሞላበት ጊዜ፣ «ደግ ዘመን» ነው። «ክፉ ደጉን ያየ» የምንለውም በሁለቱም ያለፈውን ሰው ነው። ለእኔ የሚያስቸግረኝ «ደግ አደረገው!» የሚለው ነው፤ የጠላነው ሰው ሲመታ እንለዋለን፣ ደግነት ግን በአጠገቡም አላለፈ። እዚህ ላይ ቃሉ «ተገቢ» ወደሚል ሰፊ ትርጉም የሄደ ይመስላል።

አስተያየት፦
ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ የሐኪሙ ምሳሌ ግን ጥቂት እርማት ሳያስፈልገው አይቀርም። ችሎታ ብቻውን «ጥሩ» አያሰኝም፤ የችሎታ ቃላችን «ጎበዝ» ነው። እጁ የረቀቀ ሌባ «ጎበዝ ሌባ» ይባላል፤ «ጥሩ ሌባ» ብንል ግን ሰሚው ወይ ይስቃል፣ ወይ ሌባው የሰረቀውን ለድሃ የሚያካፍል ይመስለዋል። እንግዲህ «ጥሩ» የተባለው ሐኪም በሽታውን ከማግኘቱ ሌላ የማያጭበረብር፣ የማይፈለግ ምርመራ የማያዝዝ መሆኑም አብሮ ተነግሮለታል። በዚያውም ስለ «መልካም» እና ስለ «ደህና» የሚሉት ቢኖር ደስ ይለኛል።

መልስ፦
እርማትዎን ተቀብያለሁ፤ እንዲያውም «ጥሩ»ን ከጥራቱ ጋር መልሶ ስለሚያገናኘው ከእኔ ምሳሌ የተሻለ ነው። «መልካም» እንደ «ሀብታም» ሁሉ «መልክ» ላይ «ኣም» ተጨምሮበት የተሠራ ነው፤ ስለዚህ መነሻው ለዓይን ያማረ ማለት ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ስለ ብርሃኑ ግእዙ «ሠናይ» ያለውን አማርኛው «መልካም» ብሎ መተርጎሙ የተሳካ ነው እላለሁ፤ ሁለቱም ውበትንና በጎነትን ሳይነጣጥሉ ይይዛሉና። ዛሬ ግን ቃሉ በብዛት የሚሰማው በምኞትና በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነው፤ መልካም በዓል፣ መልካም ጉዞ፣ መልካም አስተዳደር።

«ደህና» የ«ዳነ» ዘመድ ነው፤ «መድኃኒት» እና «መድኃኔ ዓለም» ከተገኙበት ከግእዙ «ድኅነ» ጋር አንድ ሥር ይጋራል። ከጉዳት የተረፈ ማለት ስለሆነ «ደህና ነህ?» ለሰላምታ ተስማሚ ነው። «ደህና ገንዘብ» ሲባል ብዛትን፣ «ደህና አድርጎ ገረፈው» ሲባል ደግሞ ልክን ይነግረናል፤ በግርፋቱ ደኅንነት የለም። ስለ ዕቃ ወይም ስለ ምግብ ሲነገር ግን ብዙውን ጊዜ ቀዝቃዛ ምስጋና ነው፤ አልተበላሸም እንጂ አያስመኝም ማለት ነው። ያች የዓሣ ሻጭ ጠይቄያት ስንጥቡን ሳትከፍት «ደህና ነው» ብቻ ካለችኝ ዕለት ምስር ገዝቼ እመለሳለሁ።