የጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒት ካለቀ በኋላ የደም ምርመራው አሁንም «ፖዘቲቭ» ይላል

የማራኪዋ፦
ሰላም የጎንደር ልጆች። እናቴ የኤች ፓይሎሪ መድኃኒት (ኦሜፕራዞል፣ አሞክሳሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲን) 14 ቀን ወስዳ ከጨረሰች 5 ሳምንት ሆናት። ማቃጠሉ ቀንሶላታል፤ ሲብስባት ግን ኦሜፕራዞል ትውጣለች። አሁን በደም ተመርምራ «ፖዘቲቭ» ተባለች። መድኃኒቱን እንደገና ትጀምር?

ላብራቶሪ ከአዘዞ፦
እህቴ፣ በዚህ ውጤት ተነስታችሁ መድኃኒት እንዳትደግሙ። የደም ምርመራው የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት እሱን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ባክቴሪያው ድራሹ ከጠፋ በኋላም አንቲቦዲው ለወራት፣ አንዳንዱ ላይ ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። መዳናቸውን የሚያሳያችሁ የሰገራ አንቲጅን (የባክቴሪያው የራሱ ክፍል) ምርመራ ነው።

አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት ማለፍ ነበረበት፤ እሱ አልፏል። የቀረው ኦሜፕራዞሉ ነው። ከምርመራው በፊት 2 ሳምንት ሙሉ ይቁም፣ አልፎ አልፎ የሚዋጠውም ጭምር። ኦሜፕራዞል የባክቴሪያውን ቁጥር ስለሚያመነምነው ሳይጠፋ «ኔጋቲቭ» ያስብላል፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። በመሃል ካቃጠላቸው የሚታኘከውን አንታሲድ ይውሰዱ። አስፕሪን የሚወስዱ ወይም የጨጓራ ቁስለት ደምቶባቸው የሚያውቅ ከሆነ ግን ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አያቁሙ።

ናሙናው የባቄላ ፍሬ ያህል ይበቃል። ዕቃው ደረቅና ንፁህ ይሁን፣ ሽንትም ውሃም አይንካው፣ በዚያው ቀን ላብራቶሪ ይድረስ። ተቅማጥ ካላቸው እስኪሻላቸው ጠብቁ፤ በቀጠነ ሰገራ ውስጥ አንቲጅኑ ስለሚሳሳ ውጤቱ አይታመንም።

ፋርማሲስት ፒያሳ፦
ልክ ነው። እኔ አወሳሰዱን ልጨምር። በ14 ቀን ኦሜፕራዞል 20 ሚ.ግ 28፣ ክላሪትሮማይሲን 500 ሚ.ግ 28፣ አሞክሳሲሊን 500 ሚ.ግ ደግሞ 56 ፍሬ ማለቅ አለበት። አሞክሳሲሊኑ ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ነው። አንድ አንድ ከዋጡ ግማሹ ተርፏል፤ እስቲ ፓኮውን እዩት።

ኦሜፕራዞል ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት የሚዋጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ከምግብ በፊት ሲዋጥ አሲዱን በደንብ ይቀንሳል፤ አሲዱ ሲቀንስ ደግሞ አንቲባዮቲኮቹ በደንብ ይሠራሉ።

ሌላው ፆም ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚፆሙ እናቶች የጠዋቱን ያዘገዩና ከማታው ጋር ያጠጋጉታል። ልዩነቱ 12 ሰዓት ያህል ካልሆነ መድኃኒቱ በመሃል ይቀንሳል፣ የተረፈው ባክቴሪያም ክላሪትሮማይሲንን ይለምዳል። መድኃኒት ከመጀመራቸው በፊት የንስሐ አባታቸውን ያነጋግሩ።

የማራኪዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አየሁት፤ አሞክሳሲሊኑ ከግማሽ በላይ ተርፏል። አሁን ትጨርሰው?

ፋርማሲስት ፒያሳ፦
በፍጹም። ብቻውን ቢወስዱት አይፈውስም፤ የምርመራውን ቀንም ሌላ 4 ሳምንት ይገፋባችኋል። መጀመሪያ የሰገራው ውጤት ይታይ። ፖዘቲቭ ከሆነ ክላሪትሮማይሲን የሌለበት ሌላ ቅንብር ሐኪም ያዛል፤ ብዙ ጊዜ ከኦሜፕራዞል ጋር ቢስመዝ፣ ቴትራሳይክሊንና ሜትሮኒዳዞል ነው። የተረፈውን ሄዳችሁ ስትታዩ ሳትደብቁ ንገሩ፤ የሚመርጡት መድኃኒት በዚያ ይወሰናል። ሜትሮኒዳዞል ከታዘዘ ጠላም አረቄም አይቀመስም።

ላብራቶሪ ከአዘዞ፦
አንድ ነገር። ስትጠብቁ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሳቸው፣ ምግብ አልወርድ ካላቸው ወይም ክብደት ከቀነሱ የሰገራ ምርመራውን ተዉት፤ ቀጥታ ሆስፒታል ሄደው በኢንዶስኮፒ (ጨጓራን በካሜራ ባለ ቀጭን ቱቦ ማየት) ይታዩ። የብረት እንክብልም ሰገራ ያጠቁራል፤ የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት።