ቡናውን አሁን እንሽጥ ወይስ እስከ ሚያዝያ እንያዝ? በስሌት መወሰን መማር እፈልጋለሁ

የጌዴኦ_ልጅ፦

ሰላም ወገኖች። ቤተሰቦቼ ይርጋጨፌ አካባቢ አነስ ያለ የቡና ማጠቢያ ሳይት አላቸው። ማኔጅመንት ተምሬ ስጨርስ ሒሳቡ እኔ ላይ ወደቀ። የዘንድሮው የታጠበ ቡና ደርቆ መጋዘን ገብቷል። አንድ ላኪ በትስስር፣ ማለትም በቀጥታ ከእኛ ገዝቶ፣ አሁኑኑ ልውሰደው ብሎናል። በእሱ ዋጋ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ 2 ሚሊዮን ብር ይተርፈናል።

አባቴ ግን "እስከ ሚያዝያ ይቆይ፣ ይጨምራል" ይላል። ለምን ሲባል መልሱ "ይታወቀኛል" ነው። ልክ የሆነባቸው ዓመታት አሉ። ልክ ያልሆነባቸውም አሉ፣ እነሱ ግን ቤት ውስጥ አይወሩም።

እኔ እንዳሰላሁት ይዘን ቆይተን ዋጋው ከጨመረ ትርፋችን 4.5 ሚሊዮን ይደርሳል። ባለበት ከሄደ 2.2 ሚሊዮን ነው፣ ምክንያቱም ላኪው አሁን የሚሰጠን ከገበያው ዝቅ አድርጎ ነው። ከወረደ ደግሞ 1.5 ሚሊዮን እንከስራለን። እስከ ሚያዝያ ያለው ወለድ ተቀንሷል። ብድራችን 6 ሚሊዮን ነው፣ በዓመት 18 በመቶ ወለድ። ማስያዣው የምንኖርበት ቤት ነው።

ስለ ውሳኔ ዛፍ (ምርጫዎችን እንደ ቅርንጫፍ ዘርዝሮ የእያንዳንዱን ዕድልና ትርፍ ማስላት) ግቢ ተምረን ነበር። ለፈተና ሸምድጄ አለፍኩት። አሁን የምር ልጠቀምበት እፈልጋለሁ። ዋጋው የሚወሰነው ኒውዮርክ ገበያ ነው፣ ዝናቡ ብራዚል ነው፣ ምንዛሪው አዲስ አበባ ነው። ይህን ሁሉ ሳያውቁ በቁጥር መወሰን የሚቻለው እንዴት ነው? ኮርስ ከምትጠቁሙኝ በዚሁ በእኛ ቡና ላይ ብታሳዩኝ ደስ ይለኛል።

ብድር_ገምጋሚ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽ እንዲህ ተዘርዝሮ ስለመጣ ግማሹን ሥራ ጨርሰሽዋል። እንጀራዬ የብድር ስጋት መገምገም ነው። ስንት ሰው ቢሮ መጥቶ "ያዋጣል" ብቻ ብሎኝ እንደሚሄድ ብታዪ።

ከአባትሽ እንጀምር። "ይታወቀኛል" የሚለውን አትናቂው፣ የስንት ዓመት ልምድ ነው። ግን ቁጥር አውጪበት። "ስንት በመቶ ይመስልሃል?" ብለሽ በቀጥታ ብትጠይቂው "መቶ በመቶ" ይልሻል። እንዲህ በይው። 10 ፍሬ እሸት ቡና ከረጢት ውስጥ ጨምሪ፣ 4ቱ ቀይ፣ 6ቱ አረንጓዴ። "ሳታይ አንድ አውጣ። ቀይ ከወጣ 100 ሺህ ብር። ወይም ይቅርብህና ሚያዝያ ላይ ዋጋው ከጨመረ 100 ሺህ ብር። የቱን ትመርጣለህ?" ዋጋውን ከመረጠ ግምቱ ከ40 በመቶ በላይ ነው ማለት ነው። ቀዩን ወደ 5፣ ወደ 6 እያሳደግሽ ቀጥይ። ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት ቦታ ላይ የልቡን አገኘሽ። ለአንቺም ለራስሽ ሥሪው። (በጥር እሸት ካጣሽ ባቄላም ይሆናል።)

እኔ ለሙከራ 40 በመቶ ይጨምራል፣ 35 በመቶ ባለበት ይሄዳል፣ 25 በመቶ ይወርዳል ብዬ ያዝኩ። እያንዳንዱን ትርፍ በዕድሉ አባዢና ደምሪ። 1.8 ሚሊዮን፣ ሲደመር 770 ሺህ፣ ሲቀነስ 375 ሺህ። ይዞ መቆየት በአማካይ 2.195 ሚሊዮን ያወጣል። ላኪው 2 ሚሊዮን። አባትሽ አሸነፈ?

ቆይ። አሁን ቁጥሩን ነካ ነካ አድርጊው፣ የዚህ ጥበብ ዋናው ጥቅም እዚህ ጋ ነው። "ይጨምራል" የሚለውን እየቀነስሽ ያንኑ ያህል "ይወርዳል" ላይ ጨምሪ። 37 በመቶ አካባቢ ስትደርሺ ሁለቱ ምርጫ እኩል ይሆናሉ። 40 እና 37ን ለይቶ የሚያውቅ ሰው እኔ አላየሁም። ስለዚህ ዛፉ የሚልሽ "ይዘሽ ቆዪ" አይደለም። በአማካይ ብቻ ከታየ ሁለቱ አይለያዩም ነው የሚልሽ። የሚለያዩት ሌላ ቦታ ነው፦ አንዱ ቤታችሁን ይነካል፣ ሌላው አይነካም።

ለትልቅ ባንክ 1.5 ሚሊዮን መክሰር የአንድ ቀን ወሬ ነው። ለእናንተ ከመኖሪያ መውጣት ሊሆን ይችላል። አማካይ ይህን አያይም። እና ምርጫው ለምን ሁለት ብቻ ሆነ? ግማሹን አሁን ሽጡ፣ ግማሹን ያዙ። አማካዩ ወደ 2.1 ሚሊዮን ነው። ዋጋው ቢወርድ ከተሸጠው 1 ሚሊዮን ታገኛላችሁ፣ ከተያዘው 750 ሺህ ትከስራላችሁ። 250 ሺህ ይተርፋል። ክፉው ቀን ከኪሳራ ወደ ትርፍ ዞረ። ብዙ ሰው ዛፍ ስሎ ቅርንጫፉን በመቶኛ ያሳምራል እንጂ ሦስተኛ ምርጫ አይፈልግም።

ሌላው፣ የሚያሰጋሽን ነገር ሁሉ አትደርድሪ። እስከ ሚያዝያ የሚታወቀውን ብቻ ያዢ። ለምሳሌ ውርጭ። በፈረንጆቹ ሐምሌ 2021 ብራዚል ውርጭ መትቶት ዋጋ ሽቅብ ወጣ፣ ሁሉም ያንን ያስታውሳል። ግን እዚያ ውርጭ የሚመጣው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። ለአንቺ ውሳኔ ከቁጥር አይገባም። የሚገባው አሁን ፍሬው በሚሞላበት ጊዜ የሚጥለው ዝናብ ነው። ምንዛሪውም እንደዚያው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት 100ን አለፈ። ስለዚህ የአባትሽን የድሮ ዓመታት በብር ካወዳደርሽ ተሳሳትሽ። ወደ ዶላር ቀይሪያቸው።

ጋሽ_ፈረሱላ፦

ልጄ፣ እኔ ቡና ስነግድ ፀጉሬ ሸብቷል። የወንድማችን ሒሳብ ቆንጆ ነው። ግን አንድ ቅርንጫፍ ጎድሎታል። ያ 2 ሚሊዮን እርግጠኛ ነው ያለው ማነው?

ላኪው ቡናውን ጭኖ ይሄዳል። "ዛሬ ነገ" እያለ ወራት የሚያመላልስሽ አለ። ዶላሩ አልገባም፣ ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ቆመ፣ ምኑ ቅጡ። ወለዱ ደግሞ አይተኛም። እኔን አንዱ እንዲሁ አድርጎኛል፣ ስሙን አላነሳም። እና ከዋጋው በፊት ስለ ሰውዬው ጠይቂ። አምና ለማን ከፈለ? በስንት ጊዜ? ሰፈሩ ያውቃል።

ደግሞ ቡና ይዞ መቆየትም ደንብ አለው። ክምችት ተብሎ ጣጣ እንዳይመጣ ወረዳውን አስቀድመሽ አነጋግሪ። መጋዘኑስ? ክረምት ሳይገባ በልግ አለ። እርጥበት የነካው ቡና ኒውዮርክ ቢጨምርም አይጨምርለትም።

ሚዛን_ደፊ፦

ጋሽ ፈረሱላ ያሉት ላይ ልጨምር። ፈረንጆቹ ከውሳኔ በፊት የሚሠሩት ጥሩ ነገር አለ፣ ጋሪ ክላይን የሚባል የሥነ ልቦና ሰው ነው ያስፋፋው። ቤተሰቡን ሰብስቢና "ሚያዝያ ደርሷል፣ ከስረናል። ምን ሆነን ነው?" በያቸው። "ሊሆን ይችላል ወይ" አይደለም፣ ሆኗል ብለው እንዲያወሩ ነው። አባት ፊት "ልክ አይደለህም" ማለት ለልጅ ይከብዳል። እንዲህ ሲሆን ግን ሁሉም አፉን ይፈታል። እናትሽን ሳትጠይቂ እንዳታልፊ።

ለመማሩ ደግሞ ደብተር ያዢ። ቀን፣ ግምት በመቶኛ፣ ምክንያት፣ በኋላ የሆነው። ግሌን ብራየር የሚባል የአየር ትንበያ ባለሙያ በፈረንጆቹ 1950 ያወጣው፣ ግምት ከሆነው ነገር ምን ያህል እንደራቀ የሚለካ መለኪያ አለ። 70 በመቶ ይጨምራል ብለሽ ከጨመረ ቅጣትሽ 0.3 በ0.3 ሲባዛ፣ 0.09 ነው። ካልጨመረ 0.7 በ0.7፣ 0.49። ሁልጊዜ 50 በመቶ የሚል ሰው ምንም ሳያውቅ 0.25 ያገኛል። አማካይሽ ከዚያ ከበለጠ ዝም ማለት ይሻልሽ ነበር። ቡና በዓመት አንዴ ስለሆነ ለመለማመድ አይበቃም። በየሳምንቱ ስለ ዶላር፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ገምቺ።

የጌዴኦ_ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ያሉኝን ቅርንጫፍ አስገባሁት። በእኛ ብድር አንድ ወር 90 ሺህ ብር ወለድ ነው። ክፍያው አራት ወር ቢዘገይ 360 ሺህ። ሰፈር ጠያይቄ ይህ የመሆን ዕድሉን 30 በመቶ አልኩት፣ በአማካይ 108 ሺህ ይቀንሳል። የላኪው 2 ሚሊዮን ወደ 1.892 ወረደ። አሁን እኩል የሚሆኑት 35 በመቶ ላይ ነው።

አባቴ በፍሬው ጨዋታ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ግን በጣም አስቦ 55 ላይ ቆመ። እኔ 35። እናቴ "ለምን ግማሹን ቅድሚያ ክፍያ አትሉትም?" አለች፣ እኛ አላሰብነውም ነበር። ግማሹን ቡና በቅድሚያ ክፍያ ለመሸጥ እየተነጋገርን ነው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የምናውቀው ደላላ ትናንት ደውሎ "በእርግጠኝነት ይጨምራል" አለ። አባቴ ይህን ሰምቶ 55ቱን ወደ 70 ማሳደግ ይፈልጋል። ይህ እንዴት ይሰላል?

ብድር_ገምጋሚ፦

እናትሽን ለሥራ እንቀጥራት።

ደላላው ላይ የምትጠይቂው አንድ ነገር ነው፦ ባልጨመረባቸው ዓመታትስ ምን ብሎ ነበር? ዋጋው ከጨመረባቸው 10 ዓመታት 9ኙን፣ ካልጨመረባቸው 10 ዓመታት ደግሞ 8ቱን ያው "ይጨምራል" የሚል ሰው ነው እንበል። ከእኔ 40 በመቶ ብትነሺ፣ 0.4 በ0.9 ሲባዛ 0.36። የማይጨምርበት 0.6 በ0.8 ሲባዛ 0.48። 0.36ን ለድምሩ ለ0.84 አካፍዪ። 43 በመቶ። ያ ሁሉ ስልክ የጨመረው 3 ነጥብ ብቻ ነው። በአባትሽ 55 ከጀመርሽ ወደ 58 ይሄዳል፣ 70 አይደርስም።

በአንጻሩ መረጃ መግዛት ከፈለግሽ ጣሪያውን አስቢ። ዋጋውን አስቀድሞ ፍጹም የሚያውቅ ሰው ቢኖር፣ በሚወርድበት ዓመት ለላኪው 2 ሚሊዮን ትሸጪ ነበር፣ በሌላው ትይዢ ነበር። አማካዩ 3.07 ሚሊዮን። ከዚህ ላይ 2.195 ሲቀነስ 875 ሺህ። ይህ በእኔ የሙከራ ቁጥር ፍጹም ለሚያውቅ ሰው የሚከፈለው የመጨረሻው ዋጋ ነው። ለደላላ የምሳ ግብዣ ይበቃዋል። ናሙና ልኮ ማስቀመስ ግን ወጪው ትንሽ ነው፣ ደረጃው ከፍ ካለ ከሌላ ላኪ ጋር የምትደራደሪበት ወረቀት ይዘሻል። ያንን ከስልኩ በፊት አድርጊ።