የሸክላ ማጫወቻ ክንድ ማንሻ፦ መርፌው መሃል ሲደርስ ተንጠልጥሎ ይቀራል

ማጫወቻው በቀበቶ የሚዞር ነው፤ ማንሻው በእጅ ይሠራል። የመርፌው ጫና 2 ግራም፣ በሚዛን የተለካ። መደቡን በውሃ ልክ አይቼዋለሁ፤ ቀጥ ብሏል።

ጣጣው የመጣው ከሸክላው ሥር የሚነጠፈውን የድሮ ምንጣፍ አንስቼ በ3 ሚሊሜትር የሚወፍር ጎማ ሳነጥፍ ነው። ሸክላው ከፍ ስላለ፣ ማንሻው ተነስቶም መርፌው ከሸክላው የሚርቀው 2 ሚሊሜትር ብቻ ሆነ። ትንሽ የተጣመመ ሸክላ ካጋጠመ ይነካዋል።

በ1.5 ብሩጎላ የማንሻውን ብሎን አላልቼ ክንዱ የሚያርፍበትን ድጋፍ ወደ ላይ ሳብኩት። ክፍተቱ 6 ሚሊሜትር ሆነ፤ እዚህ ድረስ ደህና። ሳወርደው ግን ዳር ላይ በክንዱና በድጋፉ መካከል ወረቀት እንደ ምንም ያልፋል፤ የመጨረሻው ዘፈን ላይ ሲደርስ ክንዱ ድጋፉ ላይ ይተኛና መርፌው አየር ላይ ይቀራል። ድጋፉን ግማሽ ሚሊሜትር ዝቅ ሳደርገው መሃሉም ይጫወታል፤ ግን እንደገና ሳጠብቀው ድጋፉ በትንሹ ይዞራል፣ ችግሩም ይመለሳል። የክንዱን አወራረድ የሚያዘገየው የማንሻው ሲሊኮን ቅባት አልደረቀም፤ ክንዱ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው።

የክንዱ መቆሚያ በጎኑ ከፍታ ማስተካከያ ብሎን አለው፤ እስካሁን አልነካሁትም። ድጋፉን ወደ ድሮ ቦታው መልሼ መቆሚያውን ከነማንሻው በ3 ሚሊሜትር ከፍ ላድርገው ወይስ መጀመሪያ የድጋፉን መዞር ላስተካክል?