ክርክር፦ ፕላቶ ሆሜርን ከከተማው ማስወጣቱ ልክ ነበር?

አወያይ፦ ግሪካዊው ባለቅኔ ሆሜር ስለ ትሮይ ጦርነት የገጠመውን ኢሊያድን ማንበባችን ጠብ አስነስቷልና ጥያቄውን በግልጽ ላስቀምጠው። ፈላስፋው ፕላቶ በ«ሪፐብሊክ» መጽሐፉ በሐሳቡ የሚመሠርታት ከተማ ጠባቂዎች እንዴት እንደሚያድጉ ሲያቅድ ከሆሜር ብዙ ስንኝ ያስፍቃል። የግሪኮቹ ጀግና አኪሌስ ሲያለቅስ፣ አለቃውን አጋሜምኖንን «ሰካራም፣ ዓይንህ የውሻ፣ ልብህ የአጋዘን» ብሎ ሲሰድብ ወጣት አይስማው ይላል። በ10ኛው መጽሐፍ ላይ ደግሞ ባለቅኔውን ጭራሽ ከከተማ ያሰናብተዋል። የሰው ጠባይ በሚሰማው ይበጃል፣ ይበላሻል? ወይስ አብሮት የተወለደ ነው? መሳደብ ክልክል ነው፤ ስድቡን ሆሜር ጨርሶታል።

የጠረፍ ልጅ፦ ልክ ነበር። ቀረርቶና ፉከራ እየሰማ ያደገ ሰው ፕላቶን ለመረዳት አይቸገርም። ሠርግ ቤት አንዱ «ዘራፍ!» ሲል ዱላውን የማይጨብጥ ማን ነው? ምርኩዝ ይዞ የመጣ ሽማግሌ እንኳ ምርኩዙን ያነሣል። አሁን አኪሌስን እዩት። የትሮዩን ልዑል የሄክተርን ሬሳ ከሠረገላ አስሮ ይጎትታል፤ ለጓደኛው ለፓትሮክሎስ ቀብር 12 የትሮይ ወጣቶችን ያርዳል። ይህን ሰው በሚያምር ግጥም ለልጅ ካቀረብክለት በኋላ «አንተ ግን እንደሱ አትሁን» ብትለው ማን ይሰማሃል?

ባለ ሌዋታን፦ ወንድሜ፣ ቃል ሰውን አይሠራም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ በ1651 እ.ኤ.አ. «ሌዋታን»ን ያሳተመው በእርስ በርስ ጦርነት የተናጠችውን እንግሊዝን አይቶ ነው። ሰው የሚጣላባቸው ሦስት ምክንያቶች አሉ ይላል፤ ለጥቅም መፎካከር፣ አለመተማመንና ክብር። ኢሊያድን ገና ስትጀምረው ሦስቱንም ታገኛቸዋለህ። አጋሜምኖን የራሱን ምርኮኛ ሲያጣ የአኪሌስን ምርኮኛ ብሪሴይስን ነጠቀ፤ እኛስ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንል የለ? ሆሜር ይህን አልፈጠረውም፣ አይቶ ነገረን እንጂ። ያው ሆብስ ከ85 ዓመቱ በኋላ ኢሊያድን ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ለምን ቢባል ሌላ የምሠራው ስላልነበረኝ ነው ብሏል፤ ሽማግሌው ቀልድ ያውቃል።

የዋርካው ሥር፦ ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ስለ ጦርነቱ ብቻ ነው የምታወሩት። የኢሊያድ 18ኛው መጽሐፍ ላይ ለአኪሌስ የሚሠራለትን ጋሻ አንብባችኋል? ጋሻው ላይ ሰላም የሆነች ከተማ ተቀርጻለች። ሰው ተገድሎ ሁለት ሰዎች በደም ካሳው ይከራከራሉ፤ ሽማግሎቹ በተወለወለ ድንጋይ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ፍርዱን አቅንቶ ለተናገረው የሚሰጥ ወርቅ መካከል ላይ ተቀምጧል። ይህን ሳነብ ያደግሁበት ሸንጎ ነው ድቅን ያለብኝ። 9ኛው ላይም የጦር ጓዱ አያክስ አኪሌስን «ሰው የወንድሙን፣ የልጁን ደም እንኳ በካሳ ይተዋል፤ አንተ ግን ለአንዲት ሴት ብለህ አትለዝብም» ብሎ ይወቅሰዋል። እኛም ዘንድ ዱላ ያነሣን ሰው መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ሲለው ይቆም ነበር። መንገደኛው ሰይፍ አልያዘም። ሆብስ ይህን በምን ያስረዳው ይሆን?

ባለ ሌዋታን፦ ጋሼ፣ አክብሬዎት ልከራከር። «በሕግ አምላክ» የሚሠራው ከሕጉ ኋላ ዳኛ ስላለ ነው። አኪሌስ አጋሜምኖንን ሊገድል ሰይፉን ሲመዝዝ የያዘችው አቴና ናት፤ ከኋላው መጥታ ጠጉሩን ጎተተችው። የሰው ዳኛ ቢኖር አማልክት ባልወረዱ ነበር። ለዚህ ነው ሆብስ ሌዋታን የሚለው፣ ከሁሉም በላይ የሆነ አንድ ሥልጣን ያስፈልጋል የምለው።

የሕግ ተማሪዋ፦ ቆይ እስቲ! ከሁሉም በላይ የሆነው እኮ አጋሜምኖን ራሱ ነው። ሆብስ ደግሞ ተገዢ ገዢውን አይከስም ይላል። ስለዚህ የእርስዎ ሌዋታን በዚያ ጉባኤ ቢቀመጥ ብሪሴይስን ለነጣቂው ይፈርድ ነበር። «ንጉሡ ድርሻውን አበዛ» ብሎ ፊት ለፊት የተናገረ ተራ ሰው ቴርሲቴስ ነው፤ ከአለቆቹ አንዱ ኦዲሴየስ በበትረ መንግሥቱ ጀርባውን ሲለው ጓዶቹ ሳቁ። እኔ ከኢሊያድ ሁሉ የምፈራው ያንን ሳቅ ነው።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ስለ ሰው ጠባይ ዋናው ነገር 24ኛው መጽሐፍ ላይ ነው ያለው። የትሮይ ንጉሥ፣ የሄክተር አባት ፕሪያም በሌሊት መጥቶ ልጆቹን የገደለበትን የአኪሌስን እጅ ይስማል፤ «አባትህን አስብ» ይለዋል። አብረው ያለቅሳሉ። «እንግዲህ ሰው በተፈጥሮው ሩኅሩኅ ነው፤ ፈላስፋው ሩሶ ልክ ነበር» ለማለት አትቸኩሉ፤ አኪሌስ ወዲያው «ሽማግሌ፣ አታስቆጣኝ፤ እገድልህ ይሆናል» ይለዋል። ሬሳው ከፕሪያም ዓይን ርቆ እንዲታጠብም ያዛል። አባትየው ልጁን አይቶ ቢቆጣ እሱም ተቆጥቶ እንዳይገድለው ፈርቶ ነው። አመሉ አልለቀቀውም። ግን አሁን ያውቀዋል፣ ይጠነቀቀዋል። ሕግ አላስገደደው፣ መምህር አልነገረው። ፕላቶ የአኪሌስን ለቅሶ ሲፍቅ ይህም አብሮ ይፋቃል።

ሌላም አለ። ያው ፕላቶ በ«ሪፐብሊክ» 4ኛው መጽሐፍ ላይ አእምሮ ቁጣን እንደሚገታ ሊያሳይ ሲፈልግ የጠቀሰው የማንን ስንኝ ነው? የሆሜርን። ኦዲሴየስ ደረቱን መትቶ «ልቤ ሆይ፣ ቻይ፤ ከዚህ የባሰም ችለሻል» ያለውን። ከበር ያባረረውን ሰው በመስኮት አስገባው።

የዋርካው ሥር፦ ተባረኪ ልጄ። አርስቶትል ጠባይ በተፈጥሮም ከተፈጥሮ ውጭም አይመጣም፤ ልንቀበለው ተፈጥረናል፣ የሚጸናው ግን በልማድ ነው ያለው ይህን ይመስለኛል።

አወያይ፦ ለጨዋታ ያህል፦ ይህ ሁሉ ሲጀመር የአማልክቱ ንጉሥ ዜውስ አልነበረም። በ1ኛው መጽሐፍ ወደ ኢትዮጵያውያን ግብዣ ሄዶ በ12ኛው ቀን ነው የሚመለሰው። ሆሜር ኢትዮጵያውያን የሚላቸው በዓለም ዳር ያሉ ሩቅ ሕዝቦች ቢሆኑም ላቆየነው ይቅርታ እንጠይቃለን።

የጠረፍ ልጅ፦ እህቴ፣ የ24ኛውን እቀበላለሁ። ግን ልጅ እዚያ የሚደርሰው 23ቱን አልፎ ነው፤ አብዛኛው ሰው ፉከራው ላይ ይቀራል። የምፈራው ይህንን ነው።

የሕግ ተማሪዋ፦ አንተ ራስህ ለልጅህ አልነገርከውም?

የጠረፍ ልጅ፦ ነገርኩት እንጂ፤ ትናንት ማታ። ስለ ሠረገላውና ስለ ሬሳው ምንም አላለኝም። «ፈረሶቹስ?» ብሎ ነው የጠየቀኝ። ፓትሮክሎስ ሲሞት የአኪሌስ ፈረሶች አንገታቸውን ደፍተው፣ ጋማቸው አቧራ ነክቶ እንዳለቀሱ ነገርኩት። እስከ እኩለ ሌሊት አልተኛም።