ጥቆማ፦ ጅማ ውስጥ ያላደረ አትክልት የት ይገኛል?

እህቴ፣ «ቤተሰቤን ይዤ ጅማ ገብቻለሁ፤ አትክልት ከሱፐርማርኬት ልግዛ ወይስ ከገበያ?» ብለሽ ለጠየቅሽው የራሴን ልንገርሽ። አሥራ አንድ ዓመት ለአምስት ሰው ቤት አስቤዛ ስገዛ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ የሻጩን ዓይነት ትቶ አትክልቱ ከተቆረጠ ስንት ሌሊት እንዳደረ መጠየቅን ነው። መልሱም እንደ አትክልቱ ይለያያል።

ከቅጠላ ቅጠል ልጀምር፤ ሰው ብዙ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ከአንድ ሱፐርማርኬት በላስቲክ የታሸገ ቆስጣ ገዛሁ። ከላይ የሚታየው ቅጠል አረንጓዴ፣ ማቀዝቀዣው ባለመስታወት፣ ዋጋው የጉልቱ እጥፍ። ቤት ገብቼ እስሩን ስፈታው መሐሉ እንደ ተልባ ይሙለጨለጫል። ነገሩ ምሥጢር የለውም፤ መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር ላስቲኩ ውስጥ ላብ ይጠራቀማል፣ ቅጠሉም በራሱ ውሃ ይበሰብሳል። ደግሞም ቆስጣ ሙቀት ባለበት ቦታ ጥቂት ቀን ካደረ፣ መልኩ ደህና ቢመስል እንኳን የቫይታሚን ሲው አብዛኛው አልቋል።

ስለዚህ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ከጉልት፣ ያውም ጠዋት ሁለት ሰዓት ግድም። በከተማዋ ዙሪያ ካሉ ጓሮዎች ጎህ ሲቀድ ተቆርጦ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ከሄድሽ ግን ያንኑ የጠዋቱን እስር ውሃ እየተረጨ ታገኚዋለሽ። የሚያብረቀርቀውን ቅጠል አትመኚው፤ ግንዱን አጠፍ አድርጊው። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ የዛሬ ነው፤ እንደ ገመድ ከተጣጠፈ አድሯል። እኔ ደንበኛዬን አዴን በኦሮምኛ «ሀርአ ሞ ካሌሳ?» እላታለሁ፤ የዛሬ ነው ወይስ የትናንት ማለት ነው። መጀመሪያ ትስቃለች፣ ከዚያ እጇን ከጆንያው ሥር ሰድዳ ሌላ እስር ታወጣለች። ምርቃቷም አይቀርም። ረቡዕና ዓርብ ግን በጾሙ ምክንያት ቅጠሉ ቶሎ ስለሚያልቅ ማልደሽ ውጪ።

ድንች፣ ጥቅል ጎመንና አቮካዶ ሐሙስን ይጠብቁ። የጅማ ሐሙስ ገበያ ሂርማታ በአባ ጅፋር ዘመን ስሟ ከገነነበት ጊዜ ጀምሮ ያለ ነው፤ ዛሬም ከዴዶ ደጋ ድንቹና ጎመኑ፣ ከማናና ከጎማ በኩል አቮካዶው የሚወርደው በዚያን ቀን በብዛት ነው። ጥቅል ጎመን ስትገዢ ገልብጠሽ ቂጡን እዪ። ነጭና እርጥብ ከሆነ ጥሩ። ቡናማ ከሆነ ቆይቷል። በጣም ነጭ ሆኖ ጎመኑ ራሱ ትንሽና ፈዛዛ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቂ፤ የጠወለጉት የውጭ ቅጠሎች ተልጠው፣ ቂጡም በቢላ ታድሶ ነው። አረንጓዴ የመታው ድንች በነጻ ቢሰጡሽም አትውሰጂ፤ ብርሃን ላይ የዋለ ድንች የሚመርር መርዛማ ነገር ያበጃል።

አቮካዶ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ዛፍ ላይ አይበስልም፤ ከተለቀመ በኋላ ነው የሚለሰልሰው። ስለዚህ ድንጋይ የመሰለውን ግዢና ከበሰለ ሙዝ ጋር በካርቶን ዝጊበት፤ ሙዙ የሚያወጣው ጋዝ ያፋጥነዋል። ለዕለቱ የምትፈልጊ ከሆነ የእንብርቱን ቁራጭ በጥፍርሽ አንሺ፤ ሥሩ አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው፣ ከጠቆረ ውስጡም ጠቁሯል። ሁሉም ሻጭ ይህን ሲያዩ ደስ አይላቸውም፤ ለእኔ ግን ተለማምደውኛል።

ቲማቲም ላይ ለሱፐርማርኬት ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈዪ። አንድ ጠዋት ጋሪ የሚገፋ ልጅ ከአንዱ ጅምላ ሻጭ የጫነውን ሳጥን ግማሹን ለጉልት ሴቶች ሲያራግፍ፣ ቀሪውን በአንድ ሱፐርማርኬት የኋላ በር ሲያስገባ ቆሜ አይቻለሁ። ሳጥኑ አንድ፣ ቲማቲሙ አንድ፣ ዋጋው ሁለት። እንዲያውም ማቀዝቀዣ የቲማቲምን ጣዕም ይገድላል፤ ቤትሽም ብትሆኚ ውጭ አስቀምጪው። ሙዝም እንዲሁ ነው፤ ከ13 ዲግሪ በታች ልጣጩ ይጠቁራል።

ታዲያ ሱፐርማርኬት ለምን ይጠቅማል? ለፖም፣ ሌላ ቦታ ብዙም ስለማይገኝ። ግን ትኩስ ነው ብለሽ አይደለም። ከውጭ የሚመጣው ፖም ወደ ዜሮ ዲግሪ በሚጠጋ ቅዝቃዜ፣ ከተለመደው 21 በመቶ ወደ 1 እስከ 3 በመቶ በወረደ ኦክሲጅን ውስጥ ወራት ተኝቶ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ አያያዝ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ይቆያል። አልተበላሸም፣ ይበላል። ሕመምተኛ ልትጠይቂ ይዘሽ ብትሄጂ ያምርብሻል፤ እኔ ግን ለታመመ ሰው የሐሙስ ፓፓያ እመርጣለሁ።

በስልክ ታዞ በባጃጅ የሚመጣውን ሁለት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የሚመርጥልሽ ሰው ግንድ አጥፎ አያይም። ለካሮትና ለነጭ ሽንኩርት ይሆናል። ካሮት ስታዢ ጭቃው ያልታጠበውን በይ፤ የታጠበው ቶሎ ይለሰልሳል፣ በየትኛው ውሃ እንደታጠበም አይታወቅም።

ተጨማሪ፦ ክረምት ላይ ስለ ሰላጣ የጻፍኩትን አሻሽላለሁ። ዝናብ ሲበረታ ጉልቱ ጭቃ ነው፤ ሰላጣ ደግሞ ጥሬውን ነው የሚበላው። በእነዚያ ወራት እኔም ሰላጣ ትቼ ጎመን አበስላለሁ።

ቀይ ሽንኩርት ላይ «የዛሬ» የሚሉሽን ሽሺ። ገና ከመሬት ወጥቶ አንገቱ ወፍራምና እርጥብ የሆነው ጆንያ ውስጥ ይበሰብሳል። የሚያስፈልግሽ ልጣጩ እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሸው፣ ደርቆ የከረመው ነው።