ፖሊስ ለልጆቻችን ሲል ጥይት ወዳለበት የመግባት ግዴታ አለበት?

የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ወገኖቼ። ባለፈው ሳምንት ከልጄ ትምህርት ቤት «ሎክዳውን ላይ ነን»፣ ማለትም በር ቆልፈን ተደብቀናል የሚል መልእክት ስልኬ ላይ ገባ። ሥራዬን ጥዬ በረርኩ። ፖሊሶቹ ከመንገድ ማዶ አቁመው አላሳልፍም አሉኝ። እግዚአብሔር ይመስገን የውሸት ጥሪ ሆኖ ተገኘ፣ ልጆቹም ሁሉ በሰላም ወጡ። ነገር ግን አጠገቤ የቆመች አንዲት ወላጅ «ዩቫልዴም ወላጆቹን እንዲህ ነው ያገዷቸው» አለችኝ፤ ታጣቂ ትምህርት ቤት ገብቶ ልጆች የገደለባትን የቴክሳስ ከተማ ማለቷ ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እውነት አንድ ታጣቂ ትምህርት ቤት ቢገባ፣ ፖሊሱ ሕይወቱን ለአደጋ ሰጥቶ የመግባት የሕግ ግዴታ አለበት ወይስ የለበትም? የምታውቁ ካላችሁ በግልጽ ንገሩኝ። ላጽናናት ብላችሁ አትሸፍኑልኝ።

በሕግ ቢሮ የሚሠራ፣ አሌክሳንድሪያ

እህቴ፣ እንኳን ልጆችሽ በሰላም ገቡልሽ። ጠበቃ አይደለሁም፣ የምሠራው ግን እነዚህ ጉዳዮች በሚነሱበት ቤት ነው። በግልጽ ስላልሽ በግልጽ ልንገርሽ፤ በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ፖሊስ በጥቅሉ አንድን ሰው ከሌላ ግለሰብ ጥቃት የማዳን ግዴታ የለበትም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከቅርባችን ልጀምር። በ1975 ዲሲ ውስጥ፣ ዛሬ ብዙዎቻችን በምናውቀው በኮሎምቢያ ሃይትስ ሰፈር፣ ላሞንት ጎዳና ላይ፣ ሁለት ሰዎች አንድ ቤት ሰብረው ገቡ። ላይኛው ፎቅ የነበሩት ሴቶች የታችኛዋን ጓደኛቸውን ጩኸት ሰምተው ፖሊስ ጠሩ። ፖሊሶች መጡ፣ በር አንኳኩ፣ የሚመልስ ሲያጡ ሄዱ። ሴቶቹ ደግመው ደወሉ፤ በሁለተኛው ጥሪ የመጣ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሦስቱም ለ14 ሰዓት በእነዚያ ሰዎች እጅ ቆዩ። ከሰሱ። በ1981 የዲሲ ይግባኝ ፍርድ ቤት ፖሊስ ግዴታው ለሕዝብ በጠቅላላ እንጂ ለእያንዳንዱ ሰው አይደለም ብሎ አሰናበታቸው። ይህ ውሳኔ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1989 ዴሼኒ በተባለው የዊስኮንሲን ጉዳይ፣ መንግሥት ዜጋውን ከሌላ ግለሰብ ጥቃት ካልጠበቀ ሕገ መንግሥቱን ጣሰ አይባልም አለ። በ2005 ደግሞ የካስል ሮክ ጉዳይ መጣ። ኮሎራዶ ያለች እናት ባሏ እንዳይጠጋት ከፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ አውጥታ ነበር። ሦስት ሴት ልጆቿን ወሰደባት። ከምሽት ጀምሮ ደጋግማ ፖሊስ ጋር ደወለች፣ ጣቢያም ድረስ ሄደች፤ ፖሊስ ቆይ እያለ አሳደራት። ሦስቱም ተገድለው ተገኙ። በወረቀቱ ላይ ፖሊስ ትእዛዙን እንዲያስፈጽም ተጽፎ እያለ፣ ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ይህ ለእናትየው የሚጠየቅበት መብት አይሰጣትም ብሎ ወሰነ። እኔ ይህን ፍርድ ባነበብኩ ቁጥር አንጀቴ ያርራል።

አሁን ወደ ትምህርት ቤት። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2018 ፓርክላንድ፣ ፍሎሪዳ 17 ሰው ሞተ። ለትምህርት ቤቱ የተመደበው የታጠቀ ፖሊስ ስኮት ፒተርሰን ተኩሱ ሲጀመር ወደ ሕንፃው ደረሰ፣ ነገር ግን አልገባም። ውጭ ከግድግዳ ጥግ ከ40 ደቂቃ በላይ ቆየ። ዐቃቤ ሕግ መንገድ አጣና አንድ ዘዴ ሞከረ፤ ይህ ሰው ለልጆቹ እንደ አሳዳጊ ነው፣ አሳዳጊ ደግሞ ልጅን ችላ ካለ ይቀጣል አለ። ፒተርሰን ተኩሱ ከየት እንደሚመጣ ለመለየት አልቻልኩም ሲል ተከራከረ። በ2023 ጁሪው (ከሕዝብ ተመርጠው ፍርድ የሚሰጡት ሰዎች) ከክሱ ሁሉ ነጻ አደረገው።

ዩቫልዴን ታውቂዋለሽ። ሜይ 24 ቀን 2022፣ 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ተገደሉ። ፖሊሶች ተኳሹ በገባ በ3 ደቂቃ ውስጥ ኮሪደሩ ላይ ነበሩ። ተተኮሰባቸው፣ አፈገፈጉ፣ ከዚያ ቆሙ። 376 የጸጥታ ሰዎች ከከተማው፣ ከካውንቲው፣ ከክፍለ ግዛቱና ከድንበር ጥበቃው ተሰበሰቡ። በሩ እስኪከፈት 77 ደቂቃ ፈጀ። ውስጥ ያሉ ሕፃናት 911 እየደወሉ በሹክሹክታ እባካችሁ ፖሊስ ላኩልን ይሉ ነበር፤ ፖሊሱ ያለው ከበሩ ማዶ ነው። ውጭ ደግሞ አባቶችና እናቶች እንገባለን እያሉ ከሌሎች ፖሊሶች ጋር ይታገላሉ። አንዲትን እናት በካቴና አሰሯት፤ ስትፈታ አጥር ዘልላ ገብታ ሁለት ልጆቿን ይዛ ወጣች።

በጣም የሚያመኝን ልንገርሽ። የዚያው ትምህርት ቤት ፖሊሶች ከሁለት ወር በፊት ስለዚህ ነገር ሥልጠና ወስደው ነበር። በቴክሳስ የሥልጠና ጽሑፍ ላይ የንጹሃንን ሕይወት ከራሱ ደኅንነት ማስቀደም የማይፈልግ ሰው ሌላ ሥራ ቢፈልግ ይሻለዋል የሚል ሐሳብ በግልጽ ሰፍሯል። ስለዚህ ግዴታውን አያውቁትም ማለት አይቻልም። ሥልጠናው ያውቃል፣ ደመወዙ ያውቃል፣ ደረታቸው ላይ ያለው ባጅ ያውቃል። አላውቅም ያለው ፍርድ ቤቱ ብቻ ነው።

እኔ የማምነው ይህን ነው። ትምህርት ቤት ላይ ጠመንጃ ታጥቆ እንዲቆም የተመደበ ፖሊስ በዚያ ሰዓት የመግባት ግዴታው በክፍለ ግዛት ሕግ ሊጻፍ ይገባል። ሌላውን ፖሊስ ሁሉ ማለቴ አይደለም፣ በየመንገዱ ላለው ወንጀል ሁሉ ማለቴም አይደለም። ልጆቻችንን በሕግ አስገድደው ትምህርት ቤት ያስልኩናል፤ እኛ ደግሞ በሩ ላይ እንዳንገባ ይከለክሉናል። ሁለቱን ከወሰዱብን ሦስተኛው፣ ልጆቹን መጠበቁ፣ የእነሱ ነው።

ቀድሞ ፖሊስ የነበረ፣ ዳላስ

ወንድሜ የጻፍከው እውነት ነው፣ ግን አንድ ነገር ልጨምር። አገር ቤት ለረጅም ዓመት ፖሊስ ነበርኩ። ፍርሃት ማንንም ይይዛል። በር ከፍተህ ስትገባ ከጀርባው ያለው ሰው የያዘው ጠመንጃ ያንተን ጥይት መከላከያ የሚበሳ ከሆነ እግርህ ይከብዳል። ይህን ያልቀመሰ ሰው በቀላሉ ፈሪ ሲል ደስ አይለኝም። ፖሊሱም ቤት የሚጠብቁት ልጆች አሉት።

ነገር ግን ዩቫልዴን ሳየው የ376ቱም ፍርሃት አይመስለኝም። አዛዥ አልነበረም። የትምህርት ቤቱ ፖሊስ አዛዥ ፒት አሬዶንዶ ቦታው ላይ ነበረ፣ ሬዲዮውን ግን ትቶት ነው የገባው። ነገሩን እንደ ተኩስ ሳይሆን አንድ ሰው ክፍል ውስጥ መሽጎ እንደተቀመጠ አድርጎ ያዘው፤ ለዚያ ደግሞ ደንቡ ትዕግሥት ነው። በሩ ተቆልፏል ብለው ቁልፍ ሲፈልጉ ቆዩ፤ በኋላ የወጡት ሪፖርቶች በሩ ሳይቆለፍ እንዳልቀረ ነው የሚሉት። የቴክሳስ ምክር ቤት ኮሚቴ በ2022፣ የፍትሕ ሚኒስቴሩም በጃንዋሪ 2024 ይህንኑ ጻፉ። አዛዥ በሌለበት የመጣው ሁሉ ቀድሞ የመጣውን ያያል፣ ያም ቆሟል፣ ይኼም ይቆማል።

ስለዚህ አንድን ተራ ፖሊስ እስር ቤት ማስገባት መፍትሔ አይመስለኝም። በ2024 አዛዡና አንድ ሌላ የትምህርት ቤት ፖሊስ ተከሰሱ። ሌላውን ፖሊስ በጃንዋሪ 2026 ጁሪው ነጻ ለቀቀው። ከ376 ሰው መካከል አንዱን ለይቶ ማቅረቡ ለጁሪውም ከብዶት ይሆናል።

በሕግ ቢሮ የሚሠራ፣ አሌክሳንድሪያ

ጋሼ፣ አክብሮቴ ከልብ ነው። ስለ አዛዡ ያሉት ትክክል ነው። ነገር ግን የዛሬው ደንብ አዛዥ መጠበቅን ራሱን ይከለክላል። ኮሎምባይን በ1999 ሲሆን ፖሊስ ትምህርት ቤቱን ዙሪያውን ከቦ ስዋት የሚባለው ልዩ ኃይል እስኪመጣ ጠበቀ፣ አንድ መምህር ለሰዓታት ደሙ እየፈሰሰ ክፍል ውስጥ ሞተ። ከዚያ በኋላ ነው በመላ አገሪቱ ደንቡ የተለወጠው፤ መጀመሪያ የደረሰው፣ ብቻውንም ቢሆን፣ ወደ ተኩሱ ይሂድ ተባለ። ፍርሃቱን እረዳለሁ። ግን ዩቫልዴ አራተኛ ክፍል ያሉት ልጆችም ፈርተው ነበር፣ እነሱ ደግሞ የሚሄዱበት አልነበራቸውም። እስር ላይ ልንለያይ እንችላለን። ያልገባው ፖሊስ ግን ቢያንስ ባጁን ይመልስ፣ ሌላ ከተማ ሄዶ ዳግም ፖሊስ አይሁን።

የሦስት ልጆች አባት፣ ናሽቪል

እኛ ከተማ የሆነውን አትርሱ። ማርች 27 ቀን 2023 ኮቨናንት ትምህርት ቤት 3 ሕፃናትና 3 አዋቂዎች ተገደሉብን። የከተማው ፖሊሶች እንደደረሱ ክፍል በክፍል እየፈተሹ ገቡ፣ ከላይ ተኩስ ሲሰሙ ወደ ድምፁ ሮጡ። ከመጀመሪያው የ911 ጥሪ እስከ ተኳሹ መገደል 14 ደቂቃ ገደማ ነው። የእነዚያን ፖሊሶች የደረት ካሜራ ቪዲዮ አይቻለሁ። ማንም በሕግ አላስገደዳቸውም፣ ሠልጥነው ነበር፣ ገቡ። ሰው ሊያደርገው የሚችለው ነገር መሆኑን ያየሁት እዚያ ነው። ስድስቱን ግን አልመለሰልንም። ፖሊስ በጣም ቢፈጥን እንኳ ልጆች የሚሞቱት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ስለሆነ፣ ስለ ፖሊስ ብቻ አውርተን ስለ ጠመንጃው ዝም ካልን ግማሹን ነው የተነጋገርነው።

ከፍራንክፈርት

እዚህ ጀርመንም ያው ትምህርት በደም ነው የተገኘው። በ2002 ኤርፉርት በአንድ የቀድሞ ተማሪ 16 ሰው ተገደለ። ተራው ፖሊስ ልዩ ኃይሉን ይጠብቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም የፓትሮል ፖሊስ እንዲገባ ይሠለጥናል። በ2009 ቪነንደን ላይ ሦስት ፖሊሶች ከጥሪው በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ገቡ፣ ተኳሹም ከትምህርት ቤቱ ሸሸ። በሕግ በኩል ልዩነት አለ፤ እዚህ በአደጋ ላይ ያለን ሰው አለመርዳት ለማንኛውም ሰው ወንጀል ነው፣ ከፖሊስ ደግሞ ከተራው ሰው በላይ ይጠበቃል።

አገር ቤት ሕግ የተማረች፣ አትላንታ

የእኛም የወንጀል ሕግ በአደጋ ላይ ያለን ሰው እየቻለ ያልረዳን ይቀጣል። ነገር ግን የሚያስገድደው ረዳቱ ራሱን አደጋ ላይ ሳይጥል መርዳት ሲችል ነው። ስለዚህ እዚያም ቢሆን ጥያቄው ያው ነው፤ ሕይወትን እስከ መስጠት የሚደርስ ግዴታ የሚመጣው ከሥራው ነው፣ ሥራውን ደግሞ ሰው ወዶ ይገባበታል። እኛ ጋ፣ ጆርጂያ፣ ሴፕቴምበር 2024 አፓላቺ ሃይ ስኩል ላይ መምህራኑ ባንገታቸው ያንጠለጠሉት መታወቂያ ላይ የአደጋ ቁልፍ ነበረው። ተጫኑት፣ የትምህርት ቤቱ ፖሊሶች በደቂቃዎች ደረሱ፣ ተኳሹ እጁን ሰጠ። አራት ሰው ሞቷል፤ ያ ቁልፍ ባይኖር የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እውነቱን ማወቁ ቢያመኝም ይሻለኛል። ታዲያ አሁን እኔ ምን ላድርግ? ልጄን ከትምህርት ቤት ላስቀር አልችልም።

በሕግ ቢሮ የሚሠራ፣ አሌክሳንድሪያ

እህቴ፣ ያለሽው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ስለሆነ ስለ እሱ ልበል። ሜሪላንድ ውስጥ በ2018 ግሬት ሚልስ ሃይ ስኩል አንድ ተማሪ ሲተኩስ፣ የትምህርት ቤቱ ፖሊስ በደቂቃ ውስጥ ደርሶ ተጋፈጠው፤ ቢሆንም የተተኮሰባት ልጅ አልዳነችም። በዚያው ዓመት የወጣው የክፍለ ግዛቱ ሕግ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ወይ የራሱ ፖሊስ ወይ በቂ የአካባቢ ፖሊስ ሽፋን እንዲኖረው ያዛል። ካውንቲሽ በ2021 ፖሊሶቹን ከሃይ ስኩሎቹ ውስጥ አወጣ፤ ምክንያቱ ቀላል አልነበረም፣ ጥቁር ልጆች በጥቃቅን ነገር እየታሰሩ ነው የሚል ስሞታ ነበር፣ የእኛም ልጆች ጥቁር ልጆች ናቸው። በጃንዋሪ 2022 ማግሩደር ሃይ ስኩል መጸዳጃ ቤት ውስጥ አንድ ተማሪ ሌላውን በጥይት አቆሰለ። ክርክሩ ዳግም ተነሣ። ስለዚህ «ፖሊስ ይኑር» ከማለት ይልቅ ማን፣ የት፣ በምን ሥልጠና ብለሽ ጠይቂ።

ርእሰ መምህሩን እንዲህ በያቸው። ለዚህ ሕንፃ የተመደበው ፖሊስ ማን ነው፣ በአካል የት ይቀመጣል? ዋናው ቁልፍና የሕንፃው ካርታ በማን እጅ ነው፣ ፖሊስስ ሳይጠይቅ ያገኘዋል? የክፍሎቹ በር ከውስጥ ይቆለፋል? (ዩቫልዴ ላይ ቁልፉ የተበላሸ በር እንዳለ ሰዎች ያውቁ ነበር፣ አልተጠገነም።) ከተለያየ ቦታ ፖሊስ ሲመጣ አዛዡ ማን ነው? ወላጅ ልጁን የሚቀበለው የት ነው? ይህን የመጨረሻውን አጥብቀሽ ያዢ። በዚያ ሰዓት ለልጅሽ አትደውዪ፤ ስልኩ ቢጮህ የተደበቀበትን ይናገርበታል። የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ብለሽ የሞላሽው ስልክ ቁጥር የቆየ እንዳይሆን ዛሬውኑ እይው፤ ብዙ ወገኖቻችን ቁጥር ቀይረው መልእክቱ የማይደርሳቸው አሉ። መታወቂያ ሳትይዢ ደግሞ ልጅሽን አይሰጡሽም።

ካውንቲው ለወላጆች በአማርኛ ጽሑፍ ያዘጋጃል፣ አስተርጓሚም ጠይቀሽ ማግኘት ትችያለሽ። አላፍርም ብለሽ ጠይቂ፣ መብትሽ ነው።

ቀድሞ ፖሊስ የነበረ፣ ዳላስ

የኔ ልጅ፣ ሌላም አንድ ጥያቄ ጨምሪ፤ ፖሊሶቹ በዚያው ሕንፃ ውስጥ ተለማምደው ያውቃሉ ወይ በያቸው። ወረቀት ላይ ያለ ሥልጠናና ኮሪደሩን በእግርህ የምታውቀው ሥልጠና አንድ አይደለም።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እሺ ጋሼ፣ ጨምሬዋለሁ። የወላጆች ስብሰባው የሚመጣው ማክሰኞ ማታ ነው። ጥያቄዎቹን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፌ እይዛለሁ፣ አስተርጓሚም አሁን በኢሜይል ጠይቄያለሁ። በአካባቢዬ ያላችሁ፣ ልጃችሁ እዚያ ባይማርም፣ ጥያቄዎቹን ለየትምህርት ቤታችሁ እንድትወስዱ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና እልክላችኋለሁ።