የትምህርት አቋራጮች ቁጥር ለወላጆች ይገለጽ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስንት ተማሪ ትምህርቱን እንዳቋረጠ ለወላጆች ሁሉ የማሳወቅ ግዴታ ሊኖርባቸው ይገባልን?

ርዕሰ መምህር፦ ወላጅ የማወቅ መብት እንዳለው አልክድም። የምፈራው ቁጥሩ ብቻውን ሲወጣ ነው። ከችግረኛ ቤተሰብ የመጡና ለቤታቸው እንጀራ የሚሠሩ ልጆችን ተቀብሎ የሚያስተምር ትምህርት ቤት፣ አቋራጭ ስለበዛበት ብቻ ደካማ ይባላል፤ አቅም ያለው ወላጅ ልጁን ያዛውራል፤ የሚቀሩት ልጆች ደግሞ የባሰ ብቻቸውን ይሆናሉ።

መምህርት፦ ርዕሰ መምህሩ ያነሡት ስጋት እውነተኛ ነው፤ ቁጥሩን ለመሸሸግ ግን በቂ ምክንያት አይመስለኝም። ይልቁንም የሚያሳስበኝ ለወላጅ የሚነገረው ቁጥር የትኛው ነው የሚለው ነው። በስብሰባ ላይ «በዚህ ዓመት ያቋረጡት ከመቶ 5 ብቻ ናቸው» ሲባል ወላጅ እፎይ ብሎ ይሄዳል። ነገር ግን በየዓመቱ ከመቶ 5 የሚሆኑት የሚያቋርጡ ከሆነ፣ አብረው ከጀመሩት 1000 ተማሪዎች መካከል አራቱን ዓመት የሚዘልቁት 815 ያህሉ ናቸው፤ 185ቱ በመንገድ ቀርተዋል። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ ወላጅ ሊያውቀው የሚገባው ግን ሁለተኛው ነው፣ ምክንያቱም የእርሱ ልጅ ትምህርት ቤት የሚቆየው አንድ ዓመት ሳይሆን አራት ዓመት ነው። በዚህ ላይ የመሸኛ ጉዳይ አለ። ከትምህርት ገበታ የጠፋ ልጅ መዝገብ ላይ «ተዛወረ» ተብሎ ከተጻፈ ከአቋራጮች ቁጥር ይወጣል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ አብረው የጀመሩ ተማሪዎች እስከ መጨረሻው እንዲቆጠሩ ሲያዝ፣ ተዛወረ የተባለ ተማሪ ከቁጥሩ የሚወጣው በጽሑፍ ማረጋገጫ ብቻ እንዲሆን የደነገገው ለዚህ ነው። የሄደበት ያልታወቀ ልጅ እንደ ተዛወረ ሊቆጠር አይገባም፤ በዚህ ነጥብ ላይ ፈጽሞ አልደራደርም።

ወላጅ፦ የመምህርቷ ስሌት አስደንግጦኛል፤ ሆኖም 185ን አውቄ ወደ ቤት ብገባ ለልጄ ምን አደርጋለሁ? የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በሁለተኛ ደረጃ የመጀመሪያ ዓመት የሚጠበቅባቸውን ትምህርት ያጠናቀቁና በዋና ዋና ትምህርቶች ከአንድ የመንፈቅ ውጤት በላይ ያልወደቁ ተማሪዎች፣ በአራት ዓመት የመጨረስ ዕድላቸው ከሌሎቹ ሦስት ተኩል እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ምልክቱ ገና በመጀመሪያው ዓመት የሚታይ ከሆነ፣ የአቋራጮች ቁጥር ሲነገረኝ ልጄ ከትምህርት የቀረባቸው ቀናትና የወደቀበት ትምህርት በዚያው ደብዳቤ ይድረሰኝ። ልጄ ካቋረጠ በኋላ የሚደርሰኝ ጥሪ ለሐዘን ካልሆነ ለምንም አይረባኝም።

ርዕሰ መምህር፦ በዚህ መልክ ከሆነ ተቃውሞዬን አነሣለሁ፤ የልጁ የግል መረጃ ግን ለገዛ ወላጁ ብቻ ይሰጥ እንጂ በስብሰባ አይነበብ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከትምህርት ቀናት አንድ አሥረኛውን የቀረ ተማሪ በብዙ ቦታ ሥር የሰደደ ቀሪ ይባላል፤ ይህም በ180 ቀን ዓመት 18 ቀን ነው። ደብዳቤው 18 እስኪሞላ መጠበቅ የለበትም፤ በአምስተኛው ቀን የክፍል ኃላፊው መምህር ቢደውል ይሻላል።

መምህርት፦ ለዚያ ጥሪ የሚሆን ጊዜ ለክፍል ኃላፊው ከማስተማሪያ ክፍለ ጊዜው ላይ ይቀነስለት፤ አለዚያ ጥሪው በሁለተኛው ወር ይቆማል።